ላስቲክ የለበሰው አልጋ

ውድ እትዬ፣

ሰላምታዬ ከደጃችን ተነሥቶ፣ ባሕሩንም የብሱንም አቋርጦ፣ አንቺ ካለሽበት ገብቶ ከጎንሽ ይቀመጥ። ለመሆኑ እንዴት ከርመሽልኛል? ያ ሲያስቸግርሽ የነበረው ወገብሽ ለቀቀሽ ወይ? ሥራውስ እንደ ድሮው ቆመሽ ነው የምትውዪው ወይስ ወንበር ሰጡሽ? ባለፈው በስልክ ድምፅሽ ጎርነን ብሎብኝ ስጠይቅሽ ጉንፋን ነው ብለሽ አለፍሽው፤ እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ባለቤትሽስ ጤናው እንዴት ነው? ትልቋ ልጅሽ ትምህርቱን ገፋችበት ወይ? ትንሹስ አሁንም የግራና የቀኝ ጫማውን አሳስቶ ነው የሚያደርገው? ስለ እያንዳንዳችሁ ለየብቻ ብጠይቅ ወረቀቱ በሰላምታ ያልቅብኛል፤ ሁላችሁንም ሰላም ያድርግልኝ።

እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አንል ብዬ ልቀጥል ነበር። ደብዳቤ ሁሉ እንደዚያ ነዋ የሚለው። ነገር ግን ሰሞኑን በቤታችን ካየሁት በኋላ ላዩ ያማረ ነገር ሁሉ ያቅለሸልሸኝ ጀምሯል፤ ያማረ ሰላምታም ጭምር። ስለዚህ እውነቱን ልጻፍልሽ። አንቺም ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ፎቶዎቹ ከደረሱሽ በኋላ ለእማዬ የላክሽላትን ቃል አስነብባኛለች። በደስታ ማልቀስሽን፣ ፎቶውን ለሥራ ባልደረቦችሽ ሁሉ ማሳየትሽን፣ «እናትና አባቴ እንደ ንጉሥና ንግሥት ተኝተው አየሁ፤ ከእንግዲህ ድካሜ አይቆጨኝም» ማለትሽን አነበብኩ። እትዬ፣ ተኝተው አላየሽም። ያየሽው አልጋውን ነው። እነሱማ አንድም ሌሊት በሰላም አላደሩበትም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልሽ። የጓሮዎቹን ሁለት ክፍሎች ግድግዳ አፍርሰን አንድ ትልቅ መኝታ ቤት እናድርገው፣ ወላጆቻችን በስተርጅና ሰፋ ባለ ቦታ ይተኙ ያልሽው የተባረከ ሐሳብ ነበር። ግድግዳው ፈርሶ፣ ጠባቡ መስኮት ሰፍቶ፣ ክፍሉ ብርሃን ሲሞላ እማዬ መሀል ወለሉ ላይ ቆመች፤ እጇን ግራና ቀኝ ዘርግታ ዞር ዞር አለችና «ኧረ ይሄስ ለሠርግም ይበቃል» አለች። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ደስ የሚል ነበር። ዕቃው ላይ ነው ነገር የተበላሸው። ከእነሱ ጋር ሆኜ ዕቃውን እንድመርጥ ያዘዝሽው እኔን ነበር፤ እኔ ደግሞ እንደምታውቂው ሹፌር ነኝ፤ ዛሬ ሲሚንቶ ጭኜ ወዲህ፣ ነገ እህል ጭኜ ወዲያ፣ ኑሮዬ መሪ ላይ ነው። ያን ጊዜ አጎታችን ሊቀመንበሩ «እኔ እያለሁ!» ብለው ገቡበት።

አንቺ ስትሄጂ የእማዬ ታናሽ ወንድም የሰፈሩ ማኅበር ሊቀመንበር ብቻ ነበሩ። ዛሬ የውኃውም፣ የመንገድ ማስጠገኛውም፣ የጥበቃውም ሊቀመንበር ናቸው፤ ስማቸውን የሚጠራ ሰው ጠፍቷል። አባባ ሲቀልዱ «መንበር መምረጥማ የሊቀ መንበር ሥራ ነው፤ ተውት ይምረጥ» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። አፍ ዳገት አይፈራም እንደሚባለው፣ ሊቀመንበሩ የማያውቁት ነገር የለም፤ ስለ እንጨትም፣ ስለ ፍራሽም፣ ስለ መጋረጃም ሲያወሩ አናጢ ሆነው የተወለዱ ነው የሚመስሉት።

መኪናዬ ጋራዥ በገባች ጊዜ አብሬያቸው ወደ ቤት ዕቃ መሸጫዎቹ ሄድኩ። ከቤት ስንወጣ አባባ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ «አልጋው ዝቅ ይበል፤ ስቀመጥበት እግሬ መሬት ይንካ» አሉ። ጉልበታቸውን ታውቂዋለሽ። እማዬም የለመነችው አንድ ነገር ነው፤ መስኮቱ ሥር የምትቀመጥበት መደገፊያ ያለው ወንበር። ዐይኗ ደክሟልና ልብስ መጣፍ የሚሆንላት ብርሃን ላይ ስትሆን ብቻ ነው።

ገና ስንገባ የተቀበለን ሽታው ነው። የማስቲሹና የቫርኒሹ ጠረን ዐይን ያቃጥላል፤ ሻጩ ያንን ለመሸፈን ሽቶ ይረጭበታል፤ ሁለቱ ተደባልቀው የበሽተኛ ትንፋሽ ሆነዋል። ሻጩ ፀጉሩን በቅባት የለጠፈ፣ ሲያወራ የደንበኛውን ክንድ የማይለቅ ሰው ነው። እኔን ሲይዘኝ መዳፉ እርጥብ ነበር፤ ክንዴን እስከ ቤት ድረስ ሸሚዜ ላይ ስጠርግ ሄድኩ። ጥግ ላይ ዝቅ ያለ፣ ጌጥ የሌለው፣ ጠንካራ የእንጨት አልጋ አየሁና «ይሄ ለአባባ ጉልበት ይሆናል» አልኩ። ሊቀመንበሩ ሳቁ። ሻጩም እሳቸውን አይቶ ሳቀ። «ልጄ፣ ይሄ የሆስፒታል አልጋ ነው፤ እህትህ ባሕር ማዶ ሆና ያሠራችውን ቤት ሰው መጥቶ ሲያይ ምን ይበል?» አሉኝ።

ከዚያ ወደ መሀል ወሰዱኝ። መሀል ላይ ያለውን አንቺም በፎቶ አይተሽዋል፤ ግን ፎቶ አይነካም፣ አይሸትም። ራስጌው እንደ ጣዎስ ጭራ የተዘረጋ፣ ወርቅማ ቀለም የተለቀለቀ፣ ላዩ ላይ የሚያብረቀርቁ ቁልፎች እንደ ብጉር የፈሉበት ነው። እግሮቹ የአንበሳ መዳፍ ናቸው፤ ጥፍሩ ሳይቀር ተቀርጾ ቀይ ተቀብቷል፤ ሥጋ ቦጭቆ የመጣ ይመስላል። ከፍታው ወገቤ ይደርሳል። ጥፍሩን በጣቴ ፋቅ ባደርገው ቀለሙ ተላጠና ከሥሩ ገለባ የመሰለ ነገር ብቅ አለ። «ይሄ እንጨት አይደለም እኮ» ብላቸው «አንተ የምታውቀው ሲሚንቶ ነው» አሉኝ። የሻጩ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

በማግስቱ ጭነት ተገኘልኝና ሄድኩ። አንዱ ጭነት ሌላውን እየወለደ ብዙ ሳልመለስ ቆየሁ። ከመንገድ እየደወልኩ እማዬን «አልጋው ተመቸሽ ወይ?» እላታለሁ። «ይመስገን፣ በጣም ያምራል» ትለኛለች። ልብ አላልኩትም እንጂ እትዬ፣ የጠየቅኳት መመቸቱን ነበር፤ የመለሰችልኝ ማማሩን ነበር።

የተመለስኩት እሑድ ከሰዓት ነው። ግቢው በር ላይ ስደርስ የብዙ ሰው ድምፅ ሰምቼ፣ ምን ደርሶብን ነው ብዬ እየሮጥኩ ገባሁ። ምንም አልደረሰ፤ ሊቀመንበሩ እንግዳ እያስጎበኙ ነው። የሚያስጎበኙት ሳሎኑን እንዳይመስልሽ፤ የእናትና የአባታችንን መኝታ ቤት ነው። ለካ በየእሑዱ እንዲሁ ነው የሚሆነው።

ክፍሉን ዐይቼ አላወቅኩትም። ያ ግድግዳ ያፈረስንለት ስፋት የት እንደገባ ጠፋኝ። አልጋው ከአራቱም ጎን ይታይ ተብሎ መሀል ወለሉ ላይ ተገትሯል፤ ራስጌው እንኳ ግድግዳ አልነካም። ባለ መስታወቱን ቁምሳጥን የሚችል ሌላ ግድግዳ ስላልተገኘ መስኮቱ ላይ አቁመውታል፤ ያን ያሰፋነውን መስኮት። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ መብራት ይበራል። በግርጌ በኩል የእንግዳ ሶፋ አለ፤ መኝታ ቤት ውስጥ የእንግዳ ሶፋ። የመኳኳያ ጠረጴዛም አለ፤ እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ፊቷን ከቅባት በቀር ያስነካችው ነገር የለም። የላስቲክ አበባ አለ፤ አቧራው ከአሁኑ ቅጠሉ ላይ ተጋግሯል። መስታወት ከመስታወት ጋር ስለተፋጠጠ የትም ብትቆሚ የገዛ ጀርባሽ ያፈጥብሻል። የእማዬ ወንበር ብቻ የለም። «ክፍሉን ያጣብባል» ተብሎ ቀርቷል። አልጋውም፣ ሶፋውም፣ ምንጣፉም ከፋብሪካ ሲወጡ የለበሱትን ላስቲክ እንደለበሱ ናቸው፤ ሊቀመንበሩ «ይቆሽሻል፤ ማንም እንዳያነሣው» ብለው አዝዘዋል። ለፎቶው ብቻ ነው ገለጥ አድርገው መልሰው ያለበሱት።

እንግዶቹንም ልንገርሽ። አንዷ ሴትዮ ቁምሳጥኑን ከፍታ የእማዬን የውስጥ ልብስ በሁለት ጣቷ እያነሣች የመደርደሪያውን ጥልቀት ትመረምራለች። አንድ ሆዳቸው ቀድሟቸው የሚገባ ሰውዬ ከነጫማቸው አልጋው ላይ ወጡና ተንጋለሉ፤ ስፕሪንጉን ለመሞከር ነው ብለው እየተነሡ እየወደቁ ላስቲኩን አንጫጩት፤ ሲወርዱ የላባቸው ቅርጽ እንደ ማኅተም ላዩ ላይ ቀረ። ሌላው ለስላሳ መጠጡን ኮመዲኖው ላይ አፍስሶ በመጋረጃው ጫፍ ጠረገው። ሊቀመንበሩ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው «ይሄ የውጭ ሥራ ነው፤ እዚህ አገር አይገኝም» ይላሉ። እናታችን ደግሞ በገዛ መኝታ ቤቷ በር ላይ ትሪ ይዛ ቆማለች፤ የጨረሱበትን ብርጭቆ ልትሰበስብ። አባባ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ክንዳቸው በፋሻ ታስሯል። ምን ሆነው ነው ስላቸው «አደናቀፈኝ» አሉና ፊታቸውን አዞሩብኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱ እንኳ የቤቱ ባለቤቶች የት ይቀመጡ ብሎ አልጠየቀም።

ያን ዕለት እንግዳ ፊት ነውር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ሆድ ግን ሲነቅዝ አደረ።

በማግስቱ፣ ፀሐይ ወጥታ ሞቅ ካለች በኋላ፣ ከመንገድ ያመጣሁላቸውን ድንች ላደርስ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ማልዳ የምትነሣው እማዬ ስላልታየችኝ ደንግጬ ወደ መኝታ ቤቱ ዘለቅኩ። አልጋው ላይ ማንም የለም፤ ላስቲኩ ተወጥሮ ያብረቀርቃል። ልወጣ ስል የእማዬን ሳል ሰማሁ። ዞሬ ባይ፣ በአልጋውና በቁምሳጥኑ መሀል ባለችው፣ ሰው በጎኑ ካልሆነ በማያልፍባት ክፍተት ውስጥ ያ የድሮው ስስ ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፏል። እናትና አባታችን እግርና ራስ ሆነው ተኝተውበታል። የአባባ እግር በአንበሳው መዳፍ ጎን አልፎ አልጋው ሥር ገብቷል። ካልጋ ሲሉት ካመድ የሚባለው ተረት መስሎኝ ነበር። እትዬ፣ መንገድ ላይ የሚኖር ሰው ብዙ የሚያስጠላ ነገር ያያል፤ እንደዚያ ጠዋት ያለ ግን አይቼ አላውቅም።

እማዬ ነቅታ ስታየኝ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ደነገጠች። «ለወገባችን ጠንከር ያለ ነገር ይሻላል ብለን ነው» አለች። መዋሸት ስለማታውቅበት አላምርባት አለ። አባባ ግን እያቃሰቱ ተነሥተው ተቀመጡና ሁሉንም ነገሩኝ። መጀመሪያ ሰሞን አልጋው ላይ ይተኙ ነበር፤ ለመውጣት ሳጥን ይረግጣሉ። ላስቲኩ ያልባል፣ ያንሸራትታል፣ በተገላበጡ ቁጥር ይንጫጫል። አንድ ቀን ሊወርዱ ሲሉ አዳልጧቸው በክንዳቸው ወደቁ። ሊቀመንበሩ ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ የጠየቁት «ኮመዲኖው አልተጫረም?» ብለው ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም መሬት ወረዱ። ታዲያ ለምን ላስቲኩን አልቀደዳችሁትም፣ ለምን አልነገራችሁኝም ስል፣ እማዬ «ልጄ ደክማ ያመጣችው ነው፤ በእኛ እጅ እንዳይበላሽ ብለን ነው፤ ስትመጣ እንዳዲስነቱ ትየው» አለችኝ።

ቢላዋ አምጥቼ ላስቲኩን ቀደድኩት። እማዬ እጄን ያዘችኝ፤ አስለቅቄያት ቀደድኩት። ከሥሩ የወጣውን ግማት በምን ቃል ልጻፍልሽ። ፍራሹ በላብና በወበቅ ታፍኖ ጠቁሯል፤ የጠቆረው ዙሪያውን እንዳመረቀዘ ቁስል አረንጓዴ ሆኗል፤ በመዳፌ ጫን ባደርገው ውኃ አዘለ። ቁምሳጥኑን በትከሻዬ ገፍቼ ከመስኮቱ ሳላቅቀው ጀርባው ጢም የመሰለ ሻጋታ አብቅሏል፤ ግድግዳው ያለቅሳል፤ ደቃቅ ነጫጭ ትሎች ይርመሰመሳሉ። ያን ሁሉ ጊዜ እናታችን ሌሊት ሌሊት የምትተነፍሰው ይህን ነበር። ሮጬ ወጥቼ ግቢው ውስጥ አስታወክኩ። አላፍርበትም።

እማዬን ሳሉ አላቋርጥ ስላላት ያኔውኑ ወደ ሐኪም ወሰድኳት። ሐኪሟ ጀርባዋን ደጋግማ ካዳመጠቻት በኋላ «ቤታችሁ እርጥበት አለው እንዴ?» ብላ ጠየቀች። እማዬ ፈጠን ብላ «ኧረ የለም፣ ቤታችን በጣም ያምራል» አለቻት። ሐኪሟ እኔን አየችኝ፤ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። እርጥበቱ ሳንባዋን እንደነካው፣ ያ ክፍል ካልደረቀና አየር ካላገኘ መድኃኒቱ ብቻውን እንደማያሽላት ነገረችን። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ሳል ቀልድ እንዳልሆነም ለብቻዬ ጠርታ ነገረችኝ።

ስንመለስ ሊቀመንበሩ ደግሞ የማኅበራቸውን ሰዎች ከነሚስቶቻቸው ይዘው ሳሎን ደርሰዋል። መኝታ ቤቱን ቀድመው ገልጠው አይተው ኖሮ ፊታቸው ጠቁሯል። ጎትተው ጓዳ አስገቡኝና «ምን ነካህ? በሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው?» አሉኝ። የአባባን ክንድ፣ የእማዬን ሳል፣ ሻጋታውን፣ ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ ነገርኳቸው። አዳምጠው ሲያበቁ ምን አሉኝ መሰለሽ? «ታዲያ ፎቶው አምሮ የለም እንዴ? እሷ ዘንድ የሚደርሰው ፎቶው ነው፤ ሳሉ አይደርስ።»

እትዬ፣ እዚህ ላይ አንቱታውን አውርጄዋለሁ፤ አትቆጪኝ። አጎቴ ነው፣ ትልቅ ሰው ነው፤ ከዚያ ቃል በኋላ ግን እሱን አንቱ ለማለት ምላሴ እንቢ አለኝ። እጄን ልሰነዝርበት ዳድቶኝ ነበር። ሽበቱን አይቼ ተውኩት።

ነገሩን የቋጨችው እማዬ ናት። ለካ ጓዳው በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ታውቂያታለሽ፤ ይህን ታናሽ ወንድሟን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች ናት፤ ክፉ ቃል ተናግራው አታውቅም። ለእኛ ምንም ሳትለን ወደ ሳሎን አለፈች። «ኑ፣ ግቡ፤ ዕቃውን ሳታዩማ አትሄዱም» ብላ እንግዶቹን ሁሉ ወደ መኝታ ቤት አስገባቻቸው። ሽታው ሲመታቸው አፍንጫቸውን እየያዙ ገቡ። እሷ በመሀላቸው አልፋ ወደዚያች ክፍተት ሄደች፤ ነጠላ ጫማዋን አወለቀች፤ ስሱ ፍራሽ ላይ በጎኗ ተጋደመችና ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻዋ ሳበች። «የምንተኛው እዚህ ነው» አለቻቸው፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «ዛሬ ደክሞኛል። ስትወጡ በሩን መልሱልኝ።»

ያ እሑድ አልጋው ላይ የተንጋለሉት ሰውዬ ያን ቀንም አብረው መጥተው ኖሮ፣ መጀመሪያ ወጡ። ከዚያ ሌሎቹ፣ ዐይን ለዐይን ሳይተያዩ፣ አንድ በአንድ። ሊቀመንበሩ መጨረሻ ላይ ብቻውን ቀረ። «እህቴ፣ እኔን እንዲህ ታደርጊኛለሽ?» አላት። «እኔ ምን አደረግኩህ? ተኛሁ እንጂ» አለችው። በሩን መልሶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእኔና የአንድ የሰፈር አናጢ ነበር። መጀመሪያ የአልጋውን እግር ቆርጠን ብናሳጥረውስ ብዬው ነበር። አናጢው በመዶሻው ጫፍ ቆርቆር አደረገና «ይሄን ከነካነው ይፈሳል እንጂ አያጥርም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ስንፈታው የአንበሳው መዳፍ እጃችን ላይ ተፈረፈረ። ፍራሹን ከሰፈር ርቀን አቃጠልነው፤ ጭሱ ጉሮሮ ይዘጋል። ቁምሳጥኑን የሻገተ ጀርባውን ገንጥለን፣ አጥበን ፀሐይ ላይ አድርቀን፣ ለሁለት ከፈልነው፤ አንዱ የእማዬ አንዱ የአባባ ሆኖ በሩ ጎን ቆሟል። ግድግዳው ተፍቆ ኖራ ተቀባ። መስኮቱ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ አልተዘጋም። ሶፋው ወደ ሳሎን፣ የላስቲክ አበባው ወደ ቆሻሻ ሄደ።

አልጋውን አናጢው ራሱ ከእንጨት ሠራው፤ ዝቅ ያለ፣ ሰፊ፣ ምንም ጌጥ የሌለው። የት ይቀመጥ በሚለው ላይ እናትና አባታችን እንዴት እንደተጨቃጨቁ ብታዪ ትስቂ ነበር። አባባ ሌሊት ስለሚነሡ ወደ በሩ ይጠጋ አሉ፤ እማዬ ጠዋት ብርሃኑ ፊቴን ካልነካኝ አልነሣም አለች። አባባ በከዘራቸው ወለሉን እየለኩ፣ እማዬ የለኩትን በእግሯ እያጠፋች ብዙ ቆዩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አልጋቸው የት ይሁን ብሎ የጠየቃቸው ሰው የለም፤ ጣሪያው በማያፈስበት ጥግ ሲዘረጉት ነው የኖሩት። በመጨረሻ ራስጌው በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ሆኖ አባባ በበሩ በኩል፣ እማዬ በመስኮቱ በኩል እንዲተኙ ተስማሙ። በአባባ በኩል ግድግዳው ላይ ይዘው የሚነሡበት እጀታ ተመትቷል። ባለቤቴ ደግሞ ከቤታችን አንድ አሮጌ ባለ መደገፊያ ወንበር አምጥታ መቀመጫውን በአዲስ ጨርቅ ሸፈነችውና መስኮቱ ሥር አኖረችው። እማዬ ከዚያ ወንበር የምትነሣው ሲርባት ብቻ ነው።

ነገር አለቀ ስል ሊቀመንበሩ መልእክተኛ ላከ። ይቅርታ የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር። የመኳኳያ ጠረጴዛውን «እናንተ ካልፈለጋችሁት» ብሎ ነው። እንዲህ ያለ ዓይን ያወጣ ነገር ሰምቼ አላውቅም፤ ከሻጋታው ይልቅ ይህ አስጠላኝ። ልመልሰው ስል እማዬ «ስጠው፤ ወስዶ ራሱን ይይበት» አለችኝ። በጠራራ ፀሐይ አሸክሞ ወሰደው። ያቺ የእማዬን ልብስ በሁለት ጣቷ ስታነሣ የነበረችው ሴትዮ ደግሞ አሁን «እኔ እኮ ያ አልጋ ከመጀመሪያውም አስቀያሚ ነው ብያለሁ» እያለች በየቤቱ ታወራለች። ሰላም ስትለኝ እንኳ እጄን መስጠት ይቀፈኛል።

ሊቀመንበሩ ለአንቺም የራሱን ወረቀት እንደጻፈ ሰምቻለሁ። እህትህ በላብዋ ያመጣችውን ዕቃ በቅናት ሰባበርከው ይለኛል። ሰባብሬዋለሁ፤ አልክድም። የእሱንም የእኔንም አንብቢና አንቺው ፍረጂ። ግን ለምን አልነገራችሁኝም ብለሽ እማዬን እንዳትቆጪያት፤ እንዳልጽፍልሽ ለምናኝ ነበር፤ ልብሽ እንዳይሰበር ነው። እኔ ደግሞ ልብሽ ቢሰበር ይሻላል አልኩ፤ ልብ ይጠገናል፣ የእናት ሳንባ ግን መለዋወጫ የለውም። ከእንግዲህ ስትደውዪላት ያምራል ወይ አትበያት፤ እንዴት አደርሽ በያት፤ ስትመልስልሽም ሳሏን አዳምጪ።

አሁን ሳሉ እየቀነሰላት ነው፤ ሐኪሟም ባለፈው ስታዳምጣት ፊቷ ፈታ ብሏል። የአባባ ክንድ ከፋሻ ወጥቷል፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ይነዝራቸዋል እንጂ ደህና ናቸው። እኔ ግን አሁንም ወርቅማ ቀለም ማየት አልወድም። መንገድ ላይ የዚያን ዓይነት አልጋ የጫነ መኪና ቀድሞኝ ሲሄድ መስታወቴን ዘግቼ ነው የምከተለው።

ባለቤቴ ሰላም ብላሻለች፤ መጋረጃውን እሷ ናት የሰፋችው፣ ቀለሙን ብትወጂው ደስ ይላታል። ልጆቼ ሁሉ እጅ ይነሣሉ፤ ትልቋ ቁመቷ እኔን ሊይዝ ነው። አናጢው እንኳ ከእኛ ጋር ስለከረመ ሰላም በሉልኝ ብሏል። ለባለቤትሽ ወንድማዊ ሰላምታዬን፣ ለትልቋ ልጅሽ በርቺ ይላል አጎትሽ በያት፤ ትንሹን በሁለቱም ጉንጩ ሳሚልኝ። አባባ ብዙ ማስጻፍ አይወዱም፤ «እግሬ መሬት ነክቷል በላት፣ ይገባታል» ብለዋል።

እማዬ ደግሞ በዚህ በትልቁ ክፍል ውስጥ አንዱን ግድግዳ ባዶውን ትታዋለች። አናጢው መደርደሪያ ልምታበት አላት፤ እንቢ አለች። ባለቤቴ ሥዕል እንስቀልበት አለቻት፤ እንቢ አለች። አሁን ስጽፍልሽ ወንበሯ ላይ ሆና ቁልፍ እየተከለች «ምን እያልካት ነው?» አለችኝ። ስለ ባዶው ግድግዳ ነው አልኳት። መርፌዋን አቁማ ግድግዳውን አየችው። «ስትመጣ አልጋዋን የምንዘረጋላት እዚያ ነው። ሳሎን አላስተኛትም፤ ስትተነፍስ ልስማት በላት» አለችኝ።

ይኸው ብዬሻለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከእናትና አባታችን ቤት፣ ከተከፈተው መስኮት አጠገብ
ግንቦት ፲፰ ቀን